«መለያየት» እና «ማግለል»

ሴግሪጌሽንንም ሴፓሬሽንንም በአንድ «መለያየት» ጠቅልለው በሚያልፉ ተርጓሚዎቻችን ላይ ሂስ አለን። የቃል እጥረት ነው እንዳይሉን፤ አማርኛ ለዚህ አልሰነፈም። ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ አድራጊዎቹ ሁለቱም ናቸው። በሽተኛን ግን ያገልሉታል፤ አግላይ አለበት።

ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1963 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲናገር የያዘው ነጥብ ይኸው ነበር፦ ሴግሪጌሽን ጉልበተኛው በደካማው ላይ የሚጭነው ነው፤ ሴፓሬሽን ግን ሁለት እኩያዎች ወደው የሚያደርጉት። ያኔ የቆመው ለሁለተኛው ነው፤ ፊተኛውን ያወግዛል። ሁለቱንም «መለያየት» ካልንለት ሰውየው ያወገዘውን መልሶ ሲለምን ሊገኝ ነው። እንዴ! ይህ ትርጉም ነው ወይስ ክስ?

ታዲያ በማልኮም አከፋፈል ብቻ ተማምነን አንተኛም። የሉዊዚያና ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ጥቁሩን ከነጩ የባቡር ፉርጎ ሲያስወጡ የጻፉት ለስላሳውን ቃል ነው፤ «እኩል ግን የተለየ»። ማን ለየው? ቃሉ አይናገርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1896 አጸደቀላቸው፤ በትምህርት ቤቶች ላይ ይኸው አሠራር የተሻረው በ1954 ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚው «የተለየ» ማለት አለበት፣ ሽንገላው እንዲታይ። «የተገለለ» ቢል ሕጉ የደበቀውን እውነት እሱ አጎረሰው ማለት ነው።