መዝጋቢው የማይመረምረው መዝገብ፤ ስለ አሜሪካ የሠሪ መያዣ ሕግ የቀረበ ትችት

በግድግዳ ውስጥ የገባ ጡብ ተመልሶ የነጋዴ ዕቃ አይሆንም። ጨርቅ ሻጭ ዋጋው ካልተከፈለው ጣቃውን መልሶ ለመውሰድ ይሞክር ይሆናል፤ ግንበኛው የለሰነውን ልስን፣ አናጢው የመታውን ጣሪያ፣ የቧንቧ ሠራተኛው በመሬት ውስጥ የቀበረውን ቧንቧ ነቅዬ ልሂድ ቢል ግን ሕግም አይፈቅድለትም፤ ቢፈቅድለትም የሚያገኘው ፍርስራሽ ነው። ሥራው ከመሬቱ ጋር አንድ አካል ሆኗልና። እንግዲህ ገንዘቡን ለተከለከለ ሠሪ የሚቀረው መንገድ ያንኑ መሬትና ቤት ለዕዳው መያዣ ማድረግ ነው። በአሜሪካ ይህን መብት «ሜካኒክስ ሊየን» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሠሪ መያዣ እንለዋለን። (ሜካኒክ ማለት በዚያ በጥንቱ አነጋገር ማንኛውም የእጅ ባለሙያ ነው እንጂ በእኛ ዘንድ እንደተለመደው መኪና ጠጋኝ ብቻ አይደለም።)

የሕጉን አሳብ አንነቅፍም። የምንነቅፈው አሳቡ በሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ፣ ይኸውም በካውንቲው ጽሕፈት ቤት የሚደረገውን ምዝገባ ነው። ምዝገባው ደካማውን ለመርዳት የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ይበልጥ የሚረዳው ጽሕፈት ቤትና ነገረ ፈጅ ያለውን ሰው ነው ብለን እናምናለን።

ሕጉ የተወለደበትን ምክንያት ማስታወስ ይጠቅማል። በ1791 (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሜሪላንድ ምክር ቤት የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ሕግ ሲያወጣ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር አዲሲቱ የዋሽንግተን ከተማ ልትቆረቆር ነበር። ሕጉ እንዲወጣ ካሳሰቡት መካከል ቶማስ ጄፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን ይገኙበታል። ቤት የሚያሠራው ሰው በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት፣ ባለሙያውም በዱቤ ለመሥራት የሚፈራ ስለ ነበረ፣ መሬቱ ራሱ ዋስ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ሕጉ ከመጀመሪያው ምጽዋት አልነበረም፤ ከተማ በቶሎ እንዲሠራ የታሰበበት ዘዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎቹ ስቴቶች ተዛምቶ፣ ካሊፎርኒያ በ1879 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ እስከ ማስገባት ደርሳለች።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንግባ። ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው፤ ካሊፎርኒያ 58፣ ቴክሳስ 254 ካውንቲዎች አሏቸው። የመሬት መዝገብ የሚጠበቀው በየካውንቲው ስለሆነ የመያዣው ጽሑፍ የሚገባው መሬቱ ባለበት ካውንቲ ነው። ሠሪው በሚኖርበት ወይም ውሉን በፈረመበት ካውንቲ ቢያስመዘግብ ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል።

የካሊፎርኒያን ሥርዓት ለአብነት ብንወስድ፣ ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለ ንዑስ ተቋራጭ ወይም ዕቃ አቅራቢ ሥራውን በጀመረ በ20 ቀን ውስጥ የቅድሚያ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ቢዘገይ መብቱን ጨርሶ አያጣም፤ ማስታወቂያው ከመሰጠቱ በፊት ባሉት 20 ቀኖችና ከዚያ በኋላ የሠራው ብቻ ይታሰብለታል። በደመወዝ የሚሠራው የጉልበት ሠራተኛ ከዚህ ማስታወቂያ ነፃ መደረጉ ከሕጉ መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ መያዣውን ለማስመዝገብ 90 ቀን አለ። ነገር ግን ባለቤቱ «ሥራው አልቋል» የሚል ማስታወቂያ ያስመዘገበ እንደሆነ ጊዜው ለዋናው ተቋራጭ ወደ 60፣ ለሌሎቹ ወደ 30 ቀን ይወርዳል። ካስመዘገበ በኋላ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት አለበት፤ አለበለዚያ መያዣው ይፈርሳል። ያስመዘገበውን ወረቀት በመሳቢያው ቆልፎ ዕዳው አንድ ቀን ይከፈለኛል ብሎ የሚቀመጥ ሠራተኛ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው።

መዝጋቢው ወረቀቱን ሲቀበል የሚያየው ምንድን ነው? የሚያየው መልኩን ነው። የባለቤቱ ስም፣ የቦታው መግለጫ፣ የገንዘቡ ልክ፣ የአስመዝጋቢው ፊርማና ማረጋገጫ፣ ከዚያም የምዝገባው ክፍያ። ሒሳቡ እውነት ነው ወይ፣ 90ው ቀን አልፏል ወይ፣ ሰውየው ሕጉ የሚጠይቀው የተቋራጭነት ፈቃድ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም። (በካሊፎርኒያ ፈቃድ ሊኖረው ሲገባ ያለ ፈቃድ የሠራ ተቋራጭ ዋጋውን በፍርድ ቤት መጠየቅ አይችልም።) ማኅተሙ የሚመሰክረው ወረቀቱ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መጣ የሚለውን ብቻ ነው። ተራው ሰው ግን ማኅተም ያየ እንደሆነ መንግሥት አረጋገጠው ብሎ ያምናል። ሠሪውም መብቴ ተጠበቀ ብሎ ይተኛል፤ ባለቤቱም የተፈረደበት መስሎት ይደነግጣል።

ከዚህ አንድ ምንጭ ሁለት ጉዳት ይወጣል። እውነተኛው ሠሪ በአንድ ቀን መዘግየት መብቱን ሲያጣ ማንም አይነግረውም፤ ወረቀቱን በደስታ ተቀብለው፣ ክፍያውን አስከፍለው ይሸኙታል። ሐሰተኛው ጠያቂ ደግሞ በዚያው ክፍያ የሰውን ቤት ከገበያ ያወጣል። መያዣ የተመዘገበበትን ቤት ገዢ ይሸሸዋል፣ ባንክም አያበድርበትም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ክስ ሳይመሠረት 90ው ቀን አልፎ መያዣው በሕግ ከፈረሰ በኋላ እንኳ ጽሑፉ ከመዝገብ በራሱ አይሰረዝም። አስመዝጋቢው በፈቃዱ ካልለቀቀው ባለቤቱ አቤቱታ ጽፎ ፍርድ ቤት የመልቀቂያ ትእዛዝ እንዲሰጠው ይለምናል። መዝገቡ የመያዣውን ልደት ይጽፋል፤ ሞቱን ግን ባለቤቱ በገዛ ድካሙ እስኪያስጽፍ ድረስ አይጽፍም።

ይህ ነገር በፍርድ ቤቶች ፊት ሳይነሣ አልቀረም። በ1976 በሁለት ስቴቶች የበላይ ፍርድ ቤቶች የሰጧቸውን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ማንበብ እጅግ ያስተምራል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት በባሪ ፕሮፐርቲስና በፊክ ብራዘርስ የጣሪያ ሥራ ማኅበር ጉዳይ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ሳይሰማ ንብረቱ በመያዣ እንዲታሰር የሚያደርገው የሕጉ ክፍል ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮኖሊ ዴቨሎፕመንት ጉዳይ ተመሳሳይ ክርክር ቀርቦለት፣ የሠሪውንና የባለቤቱን ጥቅም መዝኖ ሕጉን አጸናው። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ሁለቱንም ያገናዘበ ሰው ዳኞቹ የተለያዩት በሕግ ዕውቀት ሳይሆን ስሕተት ቢፈጠር ማን ይቻለው በሚለው ላይ መሆኑን ያያል። ካሊፎርኒያ ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ ይቻለው አለች፤ ሜሪላንድ ሠሪው አስቀድሞ ያስረዳ አለች።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብንባል መልሳችን እንደ ብዙ ሰው ግምት አይሆንም። ሜሪላንድ ከዚያ ውሳኔ በኋላ ሕጓን ለውጣ፣ መያዣው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንጂ በምዝገባ ብቻ እንዳይቋቋም አድርጋለች። ሠሪው ሥራው ካለቀ በ180 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል፤ ንዑስ ተቋራጭ ከሆነ ደግሞ ለባለቤቱ በ120 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በንድፈ አሳብ ይህ ንጹሕ ሥርዓት ነው፤ የሚመረምር ዳኛ አለና። ነገር ግን የአገራችን ልጆች በብዛት በሚኖሩበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ቀለም የሚቀባ አንድ ሰው እናስብ። ጥገና ወይም ማሻሻያ ከሕንፃው ዋጋ ቢያንስ 15 በመቶ ካልደረሰ የሜሪላንድ ሕግ መያዣውን አይሰጠውም። ቀለም ቀቢው የሚለፋበት ቤት ዋጋው በጨመረ ቁጥር መብቱ ይርቃል ማለት ነው! ድንበሩን ቢያልፍም እንኳ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ነገረ ፈጅ ያስፈልገዋል፤ የነገረ ፈጁ ዋጋ ደግሞ ከዕዳው ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ የሜሪላንድ ዳኛ ባለቤቱን ከሐሰተኛ ጠያቂ ሲያድን ትንሹን እውነተኛ ጠያቂ ከበሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጉድለቱን ሁሉ እያየን፣ ሠራተኛ ራሱ ሄዶ ሊያስመዘግብ የሚችልበትን የካሊፎርኒያን መንገድ እንመርጣለን፤ ይታረም እንላለን እንጂ ይፍረስ አንልም።

ባለቤቱ ሁለት ጊዜ የሚከፍልበት ነገርም አለ። ለዋናው ተቋራጭ ዋጋውን ከነአካቴው ከፍሎ ጨርሷል፤ ተቋራጩ ግን ለንዑሶቹ ሳይከፍል ይጠፋል፤ ንዑሶቹም መጥተው ቤቱን ይይዛሉ። የፔንሲልቬንያ ሥርዓት የሚባለው ለንዑስ ተቋራጭ ባለቤቱ ከፈለም አልከፈለም የራሱን መብት ይሰጠዋል። የኒው ዮርክ ሥርዓት የሚባለው ግን የንዑሱን መያዣ ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ ገና ባልከፈለው ገንዘብ ልክ ይወስነዋል። ቴክሳስ ሦስተኛ መላ አላት፤ ባለቤቱ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶውን ሥራው ካለቀ በኋላ ለ30 ቀን ይዞ እንዲቆይ ታዝዛለች። ቀላልና ብልህ መላ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜውን አንድ ቤት ለማሠራት ያጠራቀመ ሰው ይህን ግዴታ ከማን ይሰማል? ብዙ ጊዜ የሚሰማው ካለፈ በኋላ፣ ከከሳሹ ነገረ ፈጅ አፍ ነው።

መዝጋቢው ዳኛ አይደለም፣ እውነቱን መርምር ቢሉት ሥራው አይጠናቀቅም የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። ተቃውሞው ትክክል ነው። እኛም እውነቱን ይመርምር አላልንም። የምንለው፣ ሠሪው ሥራው ያለቀበትን ቀን በቅጹ ላይ በመሐላ ይጻፍ፤ መዝጋቢው ያንን ቀን ከመቀበያው ቀን ጋር ያስተያይ፤ ልዩነቱ ከ90 ቀን በላይ ከሆነ ይህንኑ ለአስመዝጋቢው ይንገረው፤ በማኅተሙም ሥር «የክስ ጊዜ እስከዚህ ቀን» ብሎ ይጻፍበት ነው። ቀን ለመቁጠር ዳኛ መሆን አያስፈልግም። የክሱ ማስታወቂያ እስከዚያ ቀን ካልቀረበ ደግሞ ጽሑፉ ያለ አቤቱታ ይሰረዝ። ይህ ቢደረግ ሠሪው ጊዜውን ያውቃል፣ የባለቤቱም ቤት በሞተ ወረቀት ታስሮ አይኖርም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል የሕግ ተማሪ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ይግለጥ። በቁጥር 3042 እና 3043 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሻጭና ንብረት የተካፈሉ ሰዎች ከሕግ የሚመነጭ መያዣ ተሰጥቷቸዋል። ቤቱን የሠራው ሰው በእነዚህ ቁጥሮች አልተጠቀሰም። ሕጉ በወጣበት ጊዜ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ስለ ነበረ ሻጩ መታሰቡ አያስደንቅም፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ፣ ባለቤቱ መያዣ ሊያደርገው የሚችለው ዋናው ሀብት ግንበኛው በእጁ ያቆመው ሕንፃ ነው።