አሮጌው ሳይክልና አዲሱ መንገድ

ባሕር ዳርን ላላያት ሰው ለማስረዳት የሚፈልግ ሁሉ ከጣና ይጀምራል፤ ወይም ከዘንባባዎቿ። እኔ ግን ከሜዳነቷ መጀመርን እመርጣለሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም እንደ ሰሌን የተዘረጋች ናት፤ የበዛዊትን ኮረብታ ካልቆጠርን ነጂን የሚያስለከልክ ዳገት የላትም። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ጥቂት ቆይቶም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ሲቋቋሙ፣ ሰዓት ጠብቆ የሚገባና ሰዓት ጠብቆ የሚወጣ ሰው በዛባት። ሜዳና ሰዓት በተገናኙበት ሁሉ ሳይክል አይቀርም፤ ባሕር ዳርም ላይ አልቀረም።

ስለዚህ ሳይክል ሲነሣ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ ዓለም በባትሪ ማርሽ በሚቀይር ሳይክል ላይ ወጥቶ ሳለ እኛ ከአባት በተወረሰ ብረት ላይ መንጠልጠላችን ያሳፍረዋል። ሁለተኛው ወገን «የድሮ ዕቃ!» ብሎ ይተነፍሳል፤ የዛሬው ሁሉ ለእሱ ቆርቆሮ ነው። የሁለቱም ሚዛን ዕድሜ ነው። አንዱ አሮጌውን በአሮጌነቱ ይጥለዋል፤ ሌላው በአሮጌነቱ ያነግሠዋል። በበኩሌ ሁለቱም ሳይክሉን አላነበቡትም እላለሁ። መጽሐፍ በታተመበት ዓመት እንደማይመዘን ሁሉ፣ ሳይክልም በተሠራበት ዓመት ሊመዘን አይገባም።

እስቲ አሮጌውን እናንብበው። የቻይናው ፎኒክስና መሰሎቹ መልካቸውን የቀዱት ከጥንቶቹ የእንግሊዝ ሳይክሎች ነው። ጎማቸው 28 ኢንች፣ ፍሬናቸው በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ክብደታቸው ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ማርሽ የላቸውም። ፓራፋንጎው ጭቃ ይመልሳል፤ የኋላ መጫኛው ሰውም ጆንያም ይሸከማል። የዚህ ሥራ ትልቁ ጠባይ ግልጽነቱ ነው። ካቴናውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ከተነሣ፣ ኃይሉ ከእግር ወደ ፔዳል፣ ከፔዳል ወደ ካቴና፣ ከካቴና ወደ ጎማ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ሲታመምም ሕመሙን ራሱ ይናገራል። ኩሽኔታው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ካቴናው ይወልቃል፤ ቸርኬው ይጣመማል። ብሎን መፍቻ፣ ፖምፓ፣ ውኃ የሞላ ሳፋና ማስቲሽ ያለው ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አብዛኛውን ሕመም ያድናል።

ቃላቱን ደግሞ ልብ በሉ። ካቴና፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፤ ብስክሌት የሚለው ስም ራሱ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን እንደ ባዕድ የሚቆጥራቸው የለም። አማርኛ ያደረጋቸው ዕቃውን እየፈታ መልሶ የገጠመ እጅ ነው፤ እጅ የያዘውን አፍ ወረሰው። አሁን አዲሱን ሳይክል ተመልከቱ። ፍሬኑ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ አካሉ ከካርቦን ክር የተጋገረ ነው፤ ማርሹ በባትሪ ይቀያየራል። ለእነዚህ ክፍሎች የጎዳናው አማርኛ ገና ስም አላወጣላቸውም። ይህ የቋንቋችን ድህነት አይመስለኝም። ገና አልፈታናቸውማ!

ይህን ስል አዲሱን ማጥላላቴ አይደለም። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ለውድድር የሚቀርብ ሳይክል ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ መደንገጉ ሙያው የት እንደ ደረሰ ያሳያል። የጃፓኑ ሺማኖም በ2009 በኤሌክትሪክ የሚቀያየር ማርሹን ለገበያ አቅርቧል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፍ «ለምን በፎኒክስ አልሄደም?» የሚል ያለ አይመስለኝም። የአሮጌውም ጉድለት አይሸፈንም። በሐምሌ ዝናብ የራሰ የብረት ቸርኬ ፍሬን አይዝለትም፤ ከፍ ያለው አግዳሚ ብረት ቀሚስ ለለበሰች ሴት አይመችም፤ ከሜዳው ወጣ ሲሉም 20 ኪሎ ብረት ጉልበት ይበላል።

ነገር ግን ወደ ገበያችን የሚመጣ አዲስ ሳይክል ሁሉ የጽጋቡ ዓይነት አይደለም። የዘመናዊውን መልክ ይዞ ጠባዩን ያልያዘ ሞልቷል። ስፕሪንግ አለው፤ ስፕሪንጉ ግን ክብደት ከመጨመር ያለፈ ሥራ የለውም። ማርሹ ብዙ ነው፤ በሜዳ ከተማ ለሚነዳ ሰው ግን ትርፉ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር መሆኑ ነው። አበው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ከሰውና ከመሣሪያ የቱን እንደምናደንቅ ለማየት አንድ የስፖርት ታሪክ ይጠቅመናል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 ልዩ ቅርጽ ባለው ሳይክልና ልዩ አቀማመጥ ክብረ ወሰኑን 56.375 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ቆይቶ የብስክሌት ኅብረቱ ክብረ ወሰኑ መርክስ በነዳው ዓይነት ሳይክል ብቻ እንዲሞከር ወሰነ። ያው ቦርድማን በ2000 በዚያ ዓይነት ሳይክል ተነሥቶ 49.441 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ28 ዓመት ውስጥ የታየው ልዩነት 10 ሜትር ሆነና አረፈው! ከሰባቱ ኪሎ ሜትር አብዛኛው የመሣሪያውና የአቀማመጡ ኖሯል ማለት ነው። ኅብረቱ በ2014 ዘመናዊውን ሳይክል መልሶ ፈቅዷል፤ ጥያቄው ግን እንደ ቆመ ነው።

አሮጌን ማድነቅም የራሱ አደጋ አለው። በጣሊያን ቶስካና ከ1997 ጀምሮ ኤሮይካ የሚባል ጉዞ ይካሄዳል፤ የሚነዳው ከ1987 በፊት በተሠሩ ሳይክሎች ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ለዚያ ተጓዥ ግን አሮጌ ሳይክል የበዓል ልብስ ነው፤ ጉዞው ሲያልቅ ይሰቀላል። እዚህ አሮጌ ሳይክል የሥራ ልብስ ነው። የትዝታ ጸሐፊዎቻችን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁን ከፊት፣ ጆንያውን ከኋላ ጭኖ ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው ለሥዕል ማማር ብሎ አይነዳም። ነገ የሚሻል ቢያገኝ ይለውጣል፤ መብቱም ነው። ችግሩን ውበት ብለን ልንሸጥለት አይገባም።

ታዲያ አሮጌው የሚከበረው ስለ ምን ነው? መልሱን ጣና ዳር እናገኘዋለን። ታንኳን እዩ። ከደንገል የሚታሰር ይህ ጀልባ ውኃ እየጠጣ በወራት ውስጥ ያረጃል። ሚዛኑ ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ ታንኳ ገና ድሮ በወደቀ ነበር። ነገር ግን ደንገሉ ሐይቁ ዳር ይበቅላል፤ አሳሪውም እዚያው ይኖራል። አንዱ ታንኳ ሲበሰብስ ሌላው ይታሰራል። ዕድሜው ያለው በዕውቀቱ ውስጥ ነው። ፎኒክስም ቻይና ተሠርቶ ይምጣ እንጂ ጥገናው ባሕር ዳሬ ሆኗል። ወድቆ የሚያነሣው ሰው በመንገዱ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ መንገዱ ስለ ተለወጠ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለሳይክል ቦታ ለይቷል። በከተማዋ የኮሪደር ልማትም የሳይክል መስመሮች ተዘርግተዋል። ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ የኖረ ነጂ ይህን ማመስገን አለበት፤ እኔም አመሰግናለሁ። ስጋቴ ሌላ ነው። ያማረ መንገድ ያማረ ሳይክል ብቻ የሚሻ መስሎን፣ ባለ ጆንያውን ነጂ «ገጽታ ያበላሻል»፣ ሳፋና ፖምፓ ይዞ የተቀመጠውን ጠጋኝ ደግሞ «ቦታ ያጣብባል» ማለት የጀመርን ዕለት፣ መስመሩ የፎቶግራፍ ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል። ሳይክሉ የተበላሸበትና ጠጋኝ ያጣ ሰው በሁለተኛው ቀን ባጃጅ ይሳፈራል፤ በሦስተኛው ወር ሳይክሉ የግቢ ዝገት ይሆናል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። መስመር ሲዘረጋ በየተወሰነ ርቀት ለጠጋኝ የሚሆን ጥላ ይታሰብለት። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን የዘይት ፍሬኑንም የባትሪ ማርሹንም ፈትቶ መግጠም ያስተምሩ፤ ያን ጊዜ ለእነሱም የጎዳናው ሰው ስም ያወጣላቸዋል። ሳይክል የሚገዛ ሰውም ስለ ማርሹ ብዛት ከመጠየቁ በፊት «ሲሰበር ማን ይሠራዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ወደ አንድ ጥላ በጣቱ ማሳየት ከቻለ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ይግዛው።