የዕፅዋት መኖ ለዓሣ

አንዱን ዓሣ ለማርባት ትንንሾቹን ከባሕር አጥምዶ መፍጨት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ኦማን ውስጥ በሚገኘው የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎች አልጌ የተቀላቀለበት የዓሣ መኖ መሞከራቸው ደስ ያሰኘኝም ለዚህ ነው።

ዓሣን በዕፅዋት መኖ ማርባት ግን ቀላል አይደለም። አኩሪ አተር ጥሬውን አይሆንም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግደው ነገር በሙቀት መጥፋት አለበት። እህልና የቅባት እህል ደግሞ አብዛኛውን ፎስፈረስ ፋይቴት በሚባል ውሕድ ስለሚይዙት ዓሣው በልቶም ብዙ አይጠቀምበትም። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲጨመር ግን ይለቀቃል፤ ወደ ውኃው የሚጣለውም ይቀንሳል። እንዴት ያለ ድንቅ መላ ነው!

ከሁሉ የምወደው ግን የአገራችንን የኑግ ፋጉሎ ነው። ዘይቱ ከወጣለት በኋላ ሲሶ ገደማው ፕሮቲን ነው፤ ከፉሩሽካ ጋር ተደባልቆ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ያሳድጋል።