መውጫው ያልተጻፈበት ማዘዣ

በኛ ከተማ ኪኒን መተው የወኔ ጉዳይ ተደርጎ ነው የሚወራው። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ ማኪያቶውን እየጠጣ «እኔ'ኮ በአንድ ቀን ነው ወርውሬ የጣልኩት» የሚል ሰው ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ያደንቀዋል። የጣለው ሲጋራ ከሆነ እሰየው፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ለዓመታት የዋጠው ዲያዚፓም ከሆነ ግን ጭብጨባው ይቆየንና በዚያ ሰሞን ከአጠገቡ ሰው እንዳይጠፋ እንንገረው። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የጭንቀትና የእንቅልፍ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ያንፈራግጣል፤ ሕይወት ሊያሳጣም ይችላል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። አንጎላችን የራሱ ፍሬን አለው። የቫሊየም ዘመዶች፣ ማለትም ዲያዚፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም፣ ፍሬኑን ረገጥ አድርገው ይይዙልናል። ወራት ሲያልፉ አንጎል «ለካ የሚረግጥልኝ አለ» ብሎ የራሱን ፍሬን ያላላል። ያን ጊዜ ኪኒኑን መወርወር መኪናውን ፍሬን በሌለው እግር ከእንጦጦ ቁልቁል መልቀቅ ነው። ሰውየው ጭንቀቱ ሲያንቀው «ይኸው በሽታዬ ተመለሰ» ይልና እንደገና ይውጣል። ብዙውን ጊዜ ግን የተመለሰው በሽታው ሳይሆን የማቋረጡ ሕመም ነው።

አንዲት የሠፈራችን እናት ነበሩ። ልጃቸውን በቀበሩ ሰሞን አንድ ክሊኒክ ዲያዚፓም አዘዘላቸው። «ማታ ማታ አንድ» ይላል ወረቀቱ። እስከ መቼ? አይልም። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ዋጡት። በመሐሉ አንዱ ፍሬ ሁለት ሆነ። ሱሰኛ ብትሏቸው ይቀየሟችኋል፤ እውነታቸውን ነው፣ የታዘዙትን የፈጸሙ ሰው ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ እሳቸውም ከነጎረቤታቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ስማቸውን ጠርቶ የሚሸጥላቸው ፋርማሲ በአዲሱ ሠፈር የለም። ኪኒኑ አለቀ። ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳው እየተጠጋኝ ነው ማለት ጀመሩ። ልጆቻቸው የቤታቸው ናፍቆት ነው አሉ፤ ጎረቤት ደግሞ መንፈስ ነው አለና ጠበል ተወሰዱ። ከብዙ መንከራተት በኋላ አንዲት ነርስ «እማማ፣ የሚወስዱት ኪኒን ነበረ ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን ጥያቄ ለመስማት ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ጠበሉን እየነቀፍኩ አይደለም። የምነቅፈው ጠበሉ አካባቢ «ከኪኒን ጋር አይሄድም» የሚለውን ሰው ነው። በኤድስ መድኃኒት ላይም ይኸው ወሬ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ብዙ ሰውም ሰማቸው። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ኪኒንም እንዲህ ያለ ቃል ያስፈልገናል። ለሱባኤ ወይም ለጾም ብሎ ማቋረጥ ስንቱን እንደጎዳ እግዜር ይወቀው።

ሕጉስ? ሕጉ ጎደሎ የለውም። ዲያዚፓም ሊሸጥ የሚገባው ለሳይኮትሮፒክ መድኃኒት በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ነው። ግን ዘበኛው የቆመው መግቢያው በር ላይ ነው። ማን ገባ? ይጠየቃል። የገባው እንዴት ይውጣ? ጠያቂ የለም። በሽተኛውም «አማኑኤል ገባ» መባልን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ አይመለስም፤ ፋርማሲስቱን በሹክሹክታ ያማክራል።

የመውጫው መንገድ ግን ካርታ አለው። ሔዘር አሽተን የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም ከ1982 እስከ 1994 እ.አ.አ. በኒውካስል ከተማ ይህንኑ ኪኒን ማስተው ብቻ ሥራው የሆነ ክሊኒክ ሲመሩ ቆይተው፣ የተማሩትን በመመሪያ መልክ ጻፉት። ትምህርታቸው ሲጠቀለል ቀስ በል፣ ፍጥነቱንም ራሱ በሽተኛው ይወስን ነው። በ2025 እ.አ.አ. የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ያወጣው መመሪያም በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየቀነሱ መጀመርን ይመክራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ አትውረዱ ይላል። አንዳንዱ ሰው ዓመት ይፈጅበታል። ይፍጅበት! ዘጠኝ ዓመት የተገባበት ቤት በዘጠኝ ቀን አይወጣም። በመሐል የጎደለውን በአረቄ ልሙላ የሚል ካለ ደግሞ ይተው፤ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ያቆማሉ።

አሁን ስሌቱን ወደ እማማ መሀረብ እናምጣው። በቀን 10 ሚሊግራም ይወስዳሉ። የመጀመሪያው ቅነሳ ቢበዛ 1 ሚሊግራም መሆን ነበረበት። በመሀረባቸው የቋጠሩት ግን ባለ 5 ፍሬ ነው። አንዷን ለሁለት ቢሰብሩ በአንድ ጊዜ 25 በመቶ ወረዱ። 5 ላይ ደርሰው እንደገና ቢሰብሩ 50 በመቶ! «ቀስ ብለሽ ቀንሺ» ያለው ሐኪም በምን እንደሚቀንሱ አልነገራቸውም። ባለ 2 ሚሊግራም ፍሬ ቢገኝ ኖሮ አንድ ባለ 5 እና ሁለት ባለ 2 ሲደመሩ 9 ይሆናሉ፤ አራት ባለ 2 ደግሞ 8። የጠየቅኳቸው ሦስት የፒያሳ ፋርማሲዎች ባለ 2 አልነበራቸውም። አንዱ ፋርማሲስት እንዲያውም ሳቀና «እሱን ማን ይፈልገዋል?» አለኝ።

እማማ እስካሁን በምላጭ ነው የሚከፍሉት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ነጭ ሰሐን ላይ፣ ፍርፋሪው እንዳይጠፋ። ነርሷ በየወሩ ደውላ ትጠይቃቸዋለች፤ ደመወዟ ውስጥ የሌለ ሥራ ነው። አሁን 6 ላይ ደርሰዋል።