ከሐይቅ ዳር የመጣችው «ኢትዮጵያ»

የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ቀይ ባሕርን ከማየቷ በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበር። የተሠራችው በአሜሪካ፣ ከሲያትል ማዶ ሃውተን በተባለ ስፍራ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በነበረ የመርከብ መሥሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ነካች፤ በ1944 ሥራ ጀመረች። በፊሊፒንስ ውጊያ ውሃ ላይ ለሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅ ስታቀርብ፣ ሠራተኞቻቸውን ስታሳድር ቆየች።

በ1962 ወደ እኛ መጥታ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ማዕበል መቻልን የለመደው በእሷ ላይ ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የተወለደችበት ስፍራም ዕጣው ተቀየረ። ከጦርነቱ በኋላ የመርከብ ሥራው ቀረ። በ1970ዎቹ የሲያትል ሲሃውክስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ጽሕፈት ቤቱን እዚያ ከፈተ። ዛሬ ካሪሎን ፖይንት ይባላል፤ የብየዳ ብልጭታ በነበረበት ቢሮዎች፣ ሆቴልና የጀልባ ማቆሚያ ቆመውበታል።

ከባሕር ርቆ የመርከብ ሥራ መሥራት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ከሚባለው ሰፈር ብዙ በማይርቀው ለገሀር የንግድ መርከቦቻችን ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሃውተን ሠራተኞች ሙያ ነው፦ በጦርነት ጥድፊያ የገጣጠሙት ብረት ሁለት ባንዲራ አውለብልቦ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዘልቋል።