በነሐሱ ሆድ ያለው ጭቃ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሐውልት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ነሐስና ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ «ይመስላል፣ አይመስልም» የሚለው ክርክር ይመጣል። በእኔ እምነት የቅርጻ ቅርጽ ሥራ የሚያልቀው ጭቃው ላይ ነው። ቀራፂ የጉንጭን አጥንት፣ የትከሻን ክብደት፣ የኩታን እጥፋት የሚወስነው ጭቃው እርጥብ ሳለ ነው። ጂብሱ፣ ሻጋታው፣ ሰሙና ነሐሱ ትልቅ ሙያ ይጠይቃሉ፤ ግን የተወሰነውን ይገለብጣሉ እንጂ አዲስ አይወስኑም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ለቅርጽ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ዕውቀት እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ በሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ላይ አለ። ሐውልት ሲታሰብ ግን የሚጠራቸው የለም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ደቡብ ጣሊያን፣ ሪያቼ አጠገብ ከባሕር ሥር ሁለት የጥንት ግሪክ የነሐስ ተዋጊዎች ወጡ። ዓለም የተደነቀው በጡንቻቸውና በቆዳቸው ነበር። ጠጋኞች ውስጣቸውን ሲያጸዱ ያገኙት ግን ጭቃ ነው፤ ባለሙያዎችም ሐውልቶቹ የት እንደተሠሩ ለማወቅ የመረመሩት ያንኑ ጭቃ ነው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከቀጨኔ ብዙ ሳይርቅ ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። በላዩ ያሉት የነሐስ ምስሎች የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራዎች ናቸው። ሰው ቀረብ ብሎ ቢያያቸው ምስሎቹ ከጠፍጣፋው ፊት የቱ ጋ ወጣ፣ የቱ ጋ ገባ እንደሚሉ፣ ጥላም የት እንደሚያርፍ ያስተውላል። ያ ሁሉ የአውራ ጣት ውሳኔ ነው። ነሐስ ሲቀልጥ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ያለ መንኮራኩር፣ በእጇ ብቻ ነው የምትሠራው። አፈሩን ትፈጫለች፣ ትነፋለች፣ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራልና ገሉ መኮማተሩን ይቀንሳል፣ እሳት ላይ ሲገባም ለእንፋሎቱ መውጫ ይሰጠዋል። ጀበና ስትሠራ በተለይ የአንገቱንና የጡቱን አያያዝ ማየት ነው። ሆዱ በጣም እርጥብ ከሆነ አንገቱ ይሰምጥበታል፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠንከር እስኪል ትጠብቃለች፣ ሁለቱንም ፊት ትጭራለች፣ ውኃ ታስነካዋለች፣ ከዚያ አንዱን ጣት ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ አድርጋ ትጫናለች። ክንድን ከትከሻ የሚያጋጥም ቀራፂ የሚገዛውም በዚሁ ሕግ ነው። የግድግዳው ውፍረት ወጥ ካልሆነ ሲተኮስ ሊሰነጠቅ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፤ ሥራው ጀበናም ይሁን የንጉሥ ራስ።

«ዕቃ መሥራትና ሰው መቅረጽ አንድ አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የሰውነት አቋምና የፊት መመሳሰል የብዙ ዓመት ትምህርት ይፈልጋል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈለበት ዋጋ ከንቱ አልቀረም፤ የካቲት 2011 ዓ.ም. አፍሪካ ኅብረት ግቢ የተመረቀው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት እዚያው ያስተማረው የበቀለ መኮንን ሥራ ነው። እኔ የምለው ትምህርት ቤቱና ቀጨኔ ጎረቤት ሆነው አይተዋወቁም ነው። በወሎቃ፣ ጎንደር አጠገብ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከድስትና ከምጣዱ ጎን ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎች ይሠሩ እንደነበር ስናስታውስ ደግሞ በዕቃና በምስል መካከል ያለው አጥር የምናስበውን ያህል ከፍ ያለ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ዘመኑን ይጠቅሳል፤ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በኤሌክትሪክ ሽቦና በተጣለ የኮምፒውተር አካል ዓለምን ያስደነቀው ያለ ጭቃ ነው ይባላል። ያው ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ ያቆመው ዞማ ሙዚየም ግን ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ላዩም እንደ ቅርጽ ተሠርቷል። ሜዳ ላይ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል የተተኮሰ ሸክላ አደባባይ ላይ ዝናብ አይችልም ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነው፦ ሸክላው አደባባይ መውጣት የለበትም። አደባባይ የሚወጣው ግልባጩ ነው።

የሚከብደኝ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚህ ሸክላ ሠሪ ሴቶች በሙያቸው ሰበብ ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል፤ አሁን «አርቲስት» ብንላቸው ምን ይጨመርላቸዋል? ስሙ ብቻውን ምንም። የሚጨመርላቸው ውሉ ላይ ከተጻፉ ነው። የሐውልት ጨረታ ሲወጣ የጭቃው ደረጃ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይመዝገብ፤ አፈሩን የመረጠችው፣ ያዋሐደችውና ግድግዳውን ያቆመችው ባለሙያ ከቀራፂው ጎን ትፈርም፣ ክፍያዋም ነሐሱ እስኪፈስ ሳይጠበቅ ጭቃው እንዳለቀ ይከፈላት። ትምህርት ቤቱም ለመጀመሪያው ዓመት የጭቃ ትምህርት ከቀጨኔ አስተማሪ ይቅጠር፣ ደመወዟም የመምህር ደመወዝ ይሁን።