ቀይ ፋኖስ ከመልካ ጀብዱ ሲታይ

በቻይና የባህል በዓላት ላይ ሰው የሚሻማበት አንድ ጠረጴዛ አለ። ብሩሽ የያዘው ሰው ስምህን ይጠይቅሃል፤ ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ጫፉን በሳህኑ ጠርዝ ላይ አሽቶ፣ ስምህን በስስ ወረቀት ላይ ይጽፍልሃል። ተራዬ ሲደርስ የራሴን ስም ትቼ የድሬዳዋን አጻፍኩ። አራት ፊደል ወጣ፦ ደ፣ ሌይ፣ ዳ፣ ዋ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ቀለሙ እስኪደርቅ ዳር ቆምኩ። ትርጉሙን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። በኋላ ቻይንኛ የሚማር አንድ ወጣት አግኝቼ ጠየቅኩት። የመጀመሪያው በጎ ምግባር፣ ሁለተኛው ነጎድጓድ፣ ሦስተኛው መድረስ፣ አራተኛው የተተኮሰ ሸክላ ነው አለኝ። ፊደሎቹ የተመረጡት ለድምፃቸው እንጂ ለፍቺያቸው አይደለም። እኛ ግን ስለዚህ ስም የምንጨዋወተው ብዙ ነው፤ በኦሮምኛ ድሬ ሜዳ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት ነው፣ የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ የሶማሌ ሽማግሌዎች ደግሞ አባታቸው ድር ጦሩን የተከለበት ሥፍራ ነው ይላሉ። ይህን ጨዋታ የሚከፍት አንድ ጥያቄ ከጠረጴዛው ወዲያ አልመጣም።

የምመዝነው አንድን ቀን አይደለም። «የቻይና ባህል፣ ቋንቋና ባህላዊ ጤና» እየተባለ፣ በፀደይ በዓላቸው ሰሞን ወይም ሚያዝያ 12 ቀን በሚውለው የተባበሩት መንግሥታት የቻይንኛ ቋንቋ ቀን፣ ተመሳሳይ መልክ ይዞ የሚደጋገመውን የመድረክ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩቶች ጋር ተያይዞ በደንብ ይታወቃል። እኔ ግን ከመልካ ጀብዱ ሆኜ ነው የማየው፤ ምክንያትም አለኝ።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችው መልካ ጀብዱም ዛሬ የዕቃና የሰው መሻገሪያ ሆናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩን የገነባው የቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠናም እዚሁ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ከተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ከሚኤሶ ወዲህ ያለውን ክፍል የዘረጋው ያው ኮርፖሬሽን ነው። እዚህ ቻይናዊ ማለት ፎርማን ነው፣ ቀያሽ ነው፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው። አንድ ሰው የቻይናን ባህል ላሳይህ ሲለኝ መጀመሪያ የማስበው እነዚህን ሰዎች ነው። በዓሉ ላይ የማጣቸውም እነዚህኑ ነው።

መድረኩ ያምራል፤ ይህን ሳልሰስት እላለሁ። ሁለት ልጆች አንድ ቆዳ ለብሰው አንበሳ ሲሆኑ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እርምጃ ሳያይ በከበሮው ብቻ ሲከተል ማየት ትልቅ ነገር ነው። ወረቀት የሚቆርጡትም እንዲሁ። ቀዩን ወረቀት አራት እጥፍ አድርገው፣ መቀሱን ሳያንቀሳቅሱ ወረቀቱን እያዞሩ ይቆርጡታል፤ ሲዘረጋ ወፍና አበባ ይሆናል። ከሁሉ የምወደው ግን ታይ ቺን ነው። እጅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ በዝግታ ይሄዳል፤ ክብደት ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሳይቸኩል ይሻገራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የሚገባውን ነው ያደረገው። ጉልበታቸው የደከመ እናቶችና አባቶች በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመው ሊሠሩት የሚችሉት እንቅስቃሴ ነው። መድረኩ ግን ለወጣቶች ትርኢት አድርጎ በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቋንቋው ላይ ቅሬታዬ ይበረታል። ቻይንኛ በበዓሉ ላይ የሚቀርበው ሰላምታ፣ ዘፈንና የተሸመደደ ንግግር ሆኖ ነው። የቋንቋው ልብ የሆነው ቃና እንደ ጉድ ተነግሮ ይታለፋል፤ «ማ» በአንዱ ቃና እናት፣ በሌላው ፈረስ ነው ተብሎ ሰው ይስቃል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ገና ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ዋና ላልቶ በውሃ ላይ ነው፣ ጠብቆ ቁም ነገር ነው። ጽሑፉ አንድ፣ ጆሮ የሚለየው ሁለት። አንድ መምህር ከዚህ ቢነሳ የመልካ ጀብዱ ልጅ ቃናው በአንድ ከሰዓት ይገባዋል። በአንጻሩ ጠን፣ ጨንና ቀን ለቻይናዊው አፍ ፈታኝ ናቸው፤ በቋንቋው እንዲህ ፈንድቶ የሚወጣ ድምፅ የለምና። ቻይናውያኑ መድረክ ላይ ወጥተው «ጨጨብሳ» ለማለት ሲታገሉ፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ቃናውን ሲስቱ፣ ሁለቱም እየተራረሙ ቢታዩ ምንኛ ደስ ባለኝ! በቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚማሩ ቻይናውያን አሉ። በእኛ አገር በሚደረገው በዓል ላይ ግን ቋንቋ የሚሄደው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ከዚህ በፊትም የባቡር ቋንቋ ተምራለች። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የመጣው ፈረንሳይኛ የገባው በበዓል አይደለም፤ በጥገና ዎርክሾፑ፣ በትኬት መስኮቱ፣ በደመወዝ መዝገቡ ነው። ለገሃር፣ ፉርጎ፣ ኦቶራይ የሚሉትን ቃላት ያተረፍነው ከዚያ ነው። አዲሱን ባቡር ቻይናውያን ለዓመታት ሲያስተዳድሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። በሐዲዱ ዙሪያ ከዋሉት ወጣቶች መሀል ቻይንኛ አቀላጥፎ የሚናገር ይኖራል፤ ከተማው አፍ ላይ የቀረ የቻይንኛ ቃል ግን አልሰማሁም። ያለን ታይዋን የምንለው ገበያ ነው፣ ርካሽ ዕቃ ሲሰበር «ቻይና ነው» የምንለው ነው፣ መንገድ ላይ ልጆች የሚጮኹት «ቻይና! ቻይና!» ነው። የቋንቋ በዓል የሚባል ነገር ይህን ቁስል ካልነካው ምኑን የቋንቋ በዓል ሆነ? አንዲት ልጅ «ስሙ ቻይና አይደለም፣ ስሙን ጠይቀው» የምትልበት አጭር ተውኔት ከአሥር የተሸመደዱ ንግግሮች ይበልጥብኝ ነበር።

ወደ ጤናው ጠረጴዛ ስመጣ አንዱ ጀርባው ላይ የብርጭቆ ኩባያ ተደፍቶበት ተኝቷል። ኩባያው ውስጥ እሳት ታይቶ ወዲያው ቆዳ ላይ ይደፋል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቆዳውን ወደ ላይ ይስበዋል። ተመልካቹ በስልኩ ያነሳል፣ ይደነቃል። እኔን ያስደነቀኝ የሰው መደነቅ ነው። ይህ እኮ ዋግምት ነው! በቀንድ፣ በአፍ እየተሳበ፣ በምላጭ እየተበጣ አያቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት፤ በድሬዳዋ ሙስሊሞች ዘንድም ሒጃማ ተብሎ ዛሬም የሚሠራ። አንድ የቻይና ሐኪም፣ አንድ ሒጃማ የሚሠራ ሼህና አንድ ዋግምት የሚያውቁ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ ስለ ምላጭ ንጽሕናና በደም ስለሚተላለፉ በሽታዎች የጤና ባለሙያ አብሯቸው ቢቀመጥ፣ ሕዝቡ ተምሮ ይሄድ ነበር። የመርፌ ሕክምናውም ቢሆን ለቆየ የጀርባና የጉልበት ሕመም በመጠኑ ያስታግሳል የሚል ጥናት አለው፤ ሁሉን ይፈውሳል የሚል ግን የለውም። ጠረጴዛው ላይ ይህ ልዩነት አይነገርም። ሲነገር የምሰማው «የሺህ ዓመታት ጥበብ» የሚለው ነው። ሺህ ዓመት መቆየት ለመከበር ይበቃል፤ ለሕመምተኛ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማስረጃው ደግሞ አለ፤ ከሁሉ የሚቆጨኝም ይኼ ነው። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለድሬዳዋ ያበረከተው ትልቁ ነገር በበዓሉ ላይ የለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ የቻይና መንግሥት ለወባ መድኃኒት እንዲፈለግ አዘዘ። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ የጥንት መጻሕፍትን ሲያገላብጡ ከአራተኛው መቶ ዓመት የቆየ አንድ ማዘዣ አገኙ። ስለ አንድ የአርቴሚሲያ ዝርያ የሚናገር ነው፤ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይፈላ አይልም። ቱ ዩዩ ምናልባት ኃይሉን የሚገድለው ሙቀት ነው ብለው አሰቡና በቀዝቃዛ ዘዴ አወጡት። ሠራ። ለሕመምተኛ ከመስጠታቸው በፊት በራሳቸው ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ ቅጠል የመጣው መድኃኒት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምታዘው ኮአርተም ውስጥ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ያያያዙት ከእስያ ከመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ውሃ ያጠራቀምንበት በርሜልና ሮቶ ይበቃታል፣ በበጋም ትራባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የለም። እንግዲህ የሮቶ ክዳን፣ የኮአርተም እሽግና የቱ ዩዩን ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? አጠገቡ አሪቲና ጭቁኝ ቢቀመጡ ደግሞ ታሪኩ ይሞላል፤ ሁለቱም የዚያው የአርቴሚሲያ ወገን ናቸው። ለወባ አሪቲ ጨምቃችሁ ጠጡ ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ቅጠል የቱ ዩዩ ቅጠል አይደለም። ግን አንዲት የመልካ ጀብዱ ተማሪ እናቷ ለቡና የምትጎዘጉዘውን አሪቲ አሽትታ፣ ከጥንት መጽሐፍ እስከ ቤተ ሙከራ ያለውን መንገድ ልታስብ ትችላለች።

የዚህ ጥበብ ሌላ ገጽታም አለ፤ መደበቁ አይረዳም። ኤጂያዎ የሚባለው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚሠራው ከአህያ ቆዳ ነው። ለዚህ ገበያ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 የአህያ ቆዳ ንግድን ከለከለ። በዓለም ብዙ አህያ ያለው በእኛ አገር ነው፤ አህያ ለአንዲት ውሃ ቀጂ ጉልበቷ ናት። ስለ ጤና ጥበብ ሲወራ ይህ ቅሬታ በአክብሮት ቢነሳ በዓሉ አይፈርስም፤ እንግዳና ባለቤት ተማምነው የሚያወሩበት ይሆናል።

እኛ በእነሱ በዓል ላይ እንዴት እንደምንታይም መጠየቅ አለብኝ። በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በፀደይ በዓል ዋዜማ፣ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ተመልካች ፊት፣ በኬንያው ባቡር ላይ የተመሠረተ አጭር ተውኔት አቀረበ። አንዲት ቻይናዊት ተዋናይ ፊቷን አጥቁራ፣ ራሷ ላይ ፍራፍሬ ተሸክማ አፍሪካዊት እናት ሆና ወጣች፤ ከኋላዋ ጦጣ የሆነ ተዋናይ ተከተላት። ሐዲዱ የእኛን የሚመስል ሐዲድ ነው። በመልካ ጀብዱ በኩል የሚያልፈውን ባቡር የሚነዳ ወጣት ያን ተውኔት ቢያይ ምን ይሰማው ነበር? የአዲስ አበባው መድረክ እንዲህ ዓይነት ነገር አላሳየኝም። ሆኖም ኢትዮጵያዊው በመድረኩ ላይ ያለው ቦታ አንድ ነው፦ የቻይና ልብስ ለብሶ፣ የቻይና ዘፈን ዘፍኖ፣ ሲጨበጨብለት ጎንበስ ማለት። አስተናጋጁ አገር ተመልካችና አስመሳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ድሬዳዋ ለቻይና አዲስ ዘመድ ስላልሆነች ነው። ከከተማው ብዙ በማይርቀው ሐርላ፣ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን ባደረገው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ዶቃ፣ የግብፅ ሳንቲም ተገኝቷል፤ ከዚያው አፈር ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪም ወጥቷል። ባቡር ሳይኖር፣ በመርከብና በግመል፣ አንድ የቻይና ሳህን እስከዚህ መጥቶ ምግብ ቀርቦበታል፤ ከዚያ የሆነ ሰው እጅ አምልጦት ተሰብሯል። የቻይንኛ ቃል አላተረፍንም አልኩ እንጂ ቻይናን የሚጠራ ቃልስ በየቀኑ ከአፋችን አይለይም። ዓረቦች ከቻይና የመጣውን የሸክላ ዕቃ «ሲኒ» ይሉታል፣ የሲን፣ ማለትም የቻይና፣ አገር ዕቃ ለማለት። እኛም ቡና የምንጠጣበትን ያለ እጀታ ትንሽ ኩባያ ሲኒ አልነው።

የሻይ ጠረጴዛው ላይ ቻይናዊቷ አስተናጋጅ ትንሿን ኩባያ በሁለት እጇ ስታቀርብልኝ ቅርጿም መጠኗም ያው ነበር። ሲኒ እንለዋለን አልኳት፣ ከየት እንደመጣ ነገርኳት። ወደ ኩባያው ዝቅ ብላ አየችው፤ ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ከዚያ አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ በቻይንኛ ትነግራት ጀመር።